«በራሱ ይታደሳል» የተባለው ሰርቨር

ከመሥሪያ ቤቶቻችን ወደ አንዱ ጎራ ብሎ፣ «የሰርቨራችሁ ነገር እንዴት ነው? ማሻሻያውን በጊዜው ይቀበላልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ስለ እርሱ አያስቡ፤ በራሱ ይታደሳል» ይባላል። ጠያቂው ይረካል፤ ተጠያቂውም ወደ ሥራው ይመለሳል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምራት ያሰብነው ይህችኑ «በራሱ» የምትባለውን አጭር ቃል ነው፤ ምክንያቱም ቃሏ ሥራውን ከሰው እጅ ወደ መሣሪያ ስታዛውር ኀላፊነቱንም አብራ የምታዛውር እየመሰላቸው የተዘናጉ ወጣት ሹማምንት ጥቂት አይደሉም።

ለሙያው እንግዳ ለሆኑት አንባቢዎቻችን ሲባል በመጀመሪያ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ሰርቨር የሚባለው ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድነት የሚያስተናግድ ኮምፒዩተር ነው። የደመወዙ ዝርዝር፣ የተማሪው ውጤት፣ የባለጉዳዩ ማመልከቻ የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። በውስጡ የሚሠሩት ሶፍትዌሮች ደግሞ የሰው እጅ ሥራ እንደመሆናቸው መጠን ከስሕተት የጸዱ አይደሉም፤ ሠሪዎቹም ስሕተቱን ባገኙት ቁጥር ማሻሻያ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ማሻሻያው ይፋ የሆነ ዕለት፣ የግንቡ ቀዳዳ የት እንደነበረ ለሌባውም ጭምር ይፋ መሆኑ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በባለቤቱና በሌባው መካከል ያለው ነገር እሽቅድምድም ነው።

በዚህ እሽቅድምድም የተቀደመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለማየት በ2017 በአሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኤኩዊፋክስ የሰዎችን የብድር ታሪክ መዝግቦ የሚይዝ ትልቅ ድርጅት ነው። አፓቺ ስትራትስ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘውን ከባድ ጉድለት የሚደፍነው ማሻሻያ በማርች 7 ቀን ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ በድርጅቱ ውስጥ፣ ጉድለቱ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲስተካከል የሚያዝ መልእክት ለሠራተኞች ተበተነ። መልእክቱ ደርሷል፤ ትእዛዙም ተላልፏል፤ አንደኛው ሰርቨር ግን ሳይስተካከል ቀረ። ጉድለቱ የት የት እንዳለ ለማወቅ የተደረገው ምርመራም ሳያገኘው አለፈ። በሜይ ወር ሌቦች በዚያው ቀዳዳ ገቡ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስም ያያቸው አልነበረም። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግል መረጃ ተወሰደ። አንባቢያችን ልብ ሊለው የሚገባው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የጎደለው ትእዛዝ አለመሆኑን ነው። የጎደለው፣ የታዘዘው መፈጸሙን ሄዶ የሚያይ ዓይን ነው። «ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም ሳይመለከት ሲቀር ማየት በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም።

አውቶማቲክ እድሳት የተፈጠረው እንዲህ ያለውን መዘግየት ለማስቀረት ነው። አሠራሩን ለማሳየት ያህል፣ በሰርቨሮች ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች መካከል ኡቡንቱን እንውሰድ። በውስጡ ሁለት ደወሎች አሉ ብንል ነገሩን ይገልጸዋል። የመጀመሪያው ደወል በቀን ሁለት ጊዜ ይደወልና ሰርቨሩን ወደ ማሻሻያው መጋዘን ልኮ «ምን አዲስ ነገር መጣ?» ያሰኘዋል። ሁለተኛው ደወል ደግሞ በሰርቨሩ ሰዓት ከጥዋቱ 6 እስከ 7 ባለው ጊዜ ውስጥ ይደወልና የመጣውን የደኅንነት ማሻሻያ ያስገባዋል። ደቂቃዋ በዕጣ የምትወሰን ናት፤ ይህም የሆነው ሰርቨሮች ሁሉ በአንዲት ቅጽበት ተጋፍተው መጋዘኑን እንዳያጨናንቁት ነው።

«በሰርቨሩ ሰዓት» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰርቨር ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በተለምዶ ግሪንዊች በምንለው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። አገራችን ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። እንግዲህ የግሪንዊች ጥዋት 6 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የእኛ 9 ሰዓት፣ በአገራችን አቆጣጠር ደግሞ ከጥዋቱ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። በለንደን ሰው ከመኝታው ሳይነሣ የሚካሄደው እድሳት፣ አዲስ አበባ ላይ ባለጉዳይ በመስኮት ፊት በተሰለፈበት ሰዓት ይካሄዳል ማለት ነው። ሰርቨሩ ዘወትር ጥዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያዘግምበት ምክንያት የጠፋበት ባለሙያ ቢኖር፣ ኔትወርኩን ከመውቀሱ በፊት የሰርቨሩን ሰዓት ቢመለከት መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ወጣት ባለሙያ ሰርቨር በተረከበ ዕለት «በራሱ ይታደሳል» ሲባል ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው መዝገቡን ነው። እድሳቱ በሄደ ቁጥር የሠራውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። የመጨረሻዋ መስመር የትናንት ወይም የዛሬ ካልሆነች ደወሉ አልተደወለም። የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ እድሳቱ የሚመራበት የደንብ ፋይል ሲከፈት በ1 ምትክ 0 ተጽፎበት ይገኛል። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት፣ ምናልባትም ለአንድ ሌሊት ሥራ ብሎ፣ አቁሞት ረስቶታል። ቁጥሯ የምትናገረው በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚሄድ ስለሆነ፣ 7 ተጽፎ ቢገኝ በሳምንት አንድ ጊዜ ማለት እንጂ ስሕተት አይደለም። ደግሞም ደንቡ 1 እያለ ደወሉ ራሱ የተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸውና አንዱን አይቶ ስለ ሌላው መመስከር አይቻልም።

መዝገቡ የዛሬውን ቀን ይዞ ሳለ ምንም ነገር ያልገባ እንደሆነስ? ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ሲጠየቅ ይናገራል። አንዳች ነገር ሳይነካ፣ «ዛሬ ብትሄድ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» ተብሎ በልምምድ መልክ የሚታዘዝበት መንገድ አለ። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ፓኬጅ በስሙ እየጠራ፣ ይህን እወስዳለሁ፣ ይህን ግን ስለዚህ ምክንያት እተወዋለሁ እያለ ይዘረዝራል። ይህን ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው በብዙ ቦታ አለመኖሩ ያስገርመናል፤ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ከመገመት አምስት ደቂቃ መጠየቅ ይቀላልና።

«እተወዋለሁ» ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ የመጋዘኑ ማንነት ነው። አውቶማቲክ እድሳት ከመነሻው የተፈቀደለት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሠሪ የሚመጣውን፣ ያውም በተለይ የደኅንነት የሆነውን ማሻሻያ ነው። ዳታቤዙን ከሌላ ድርጅት መጋዘን በቀጥታ አምጥቶ የተከለ ባለሙያ፣ ያንን መጋዘን ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ካልጻፈው በቀር ዳታቤዙ ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል፤ የቀረው ሁሉ ሲታደስ እርሱ ብቻ ያረጃል። በአንድ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ተጠቅልለው የገቡ ክፍሎች ደግሞ ከነጭራሹ አይታዩትም፤ ቀደም ብለን ያነሣነው ስትራትስ እንዲህ ካሉት ወገን ነው። ሌላው ምክንያት የሰው እጅ የነካው ፋይል ነው። ባለሙያው የአንድን ፕሮግራም ደንብ በእጁ አሻሽሎት እንደሆነና አዲሱ ማሻሻያም የራሱን ደንብ ይዞ ከመጣ፣ «የማንኛችሁን ልያዝ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሰው በሌለበት የሚሄድ እድሳት ማንን ይጠይቃል? ስለዚህ ያን ፓኬጅ ትቶት ያልፋል። ትናንትም ትቶታል፤ ነገም ይተወዋል። የቦታ ማነስም አለ፤ አሮጌ ከርነሎች እየተከማቹ ለማስነሻ የተመደበችውን ጠባብ የዲስክ ክፍል ሲሞሏት አዲሱ ከርነል መግቢያ ያጣል። ይህ ግን አሮጌዎቹን በማጽዳት የሚድን ቀላል በሽታ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአገራችን ሁኔታ ሊታሰብበት የሚገባው በመካከል የተቋረጠ እድሳት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ያየነውን እንንገር። እድሳቱ አንድ ፓኬጅ እያስገባ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠው ባትሪም አርጅቶ ስለ ነበር አልያዘውም። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሣ፤ ሥራውም ቀጠለ፤ አንዳች የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለም። ነገር ግን ግማሽ የገባ ፓኬጅ በሆዱ ቀርቶ ነበር። እድሳቱ እንዲህ ያለውን ቁስል አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይጠግነዋል፤ ያኛው ግን እንደ ገና ካልተተከለ የማይድን ሆኖ ነበርና ከዚያ ቀን ወዲህ በየጥዋቱ ይነሣል፣ የተበላሸውን ያያል፣ አለመቻሉን በመዝገቡ ይጽፍና ይተኛል። ያችኑ አንዲት አቤቱታ እየደጋገመ 11 ወር ጽፏል። አዲስ የተቀጠረ አንድ ልጅ መዝገቡን ከፍቶ ለአለቃው ሲያሳያቸው፣ አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሲጮኽ ነበር በለኛ፣ ልጄ!» አሉ።

«አዎን ጋሼ፤ የሚሰማው አጥቶ ነው እንጂ» ሲል መለሰላቸው።

መድኀኒቱ የተጎዳውን ፓኬጅ አዲስ ቅጂ አምጥቶ በላዩ መትከል ብቻ ነበር፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የተከማቸውን የ11 ወር ማሻሻያ ማስገባቱና ከእያንዳንዱ በኋላ ሥራው በደኅና መሄዱን መፈተኑ ግን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወሰደ። በሚቀጥለው ሳምንት ባትሪው እንዲለወጥ ደብዳቤ ተጻፈ።

ከሚጮኸው ሰርቨር የባሰው ደግሞ ዝም የሚለው ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። የኡቡንቱ 18.04 መደበኛ ድጋፍ በሜይ 2023፣ የኡቡንቱ 20.04 ደግሞ በሜይ 2025 አብቅቷል። ለተጨማሪው ድጋፍ ካልተመዘገበ በቀር በእነዚህ ላይ የሚሠራ ሰርቨር በየጥዋቱ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል፤ አዲስ ነገር አያገኝም፤ የሚታደስ ፓኬጅ አለመኖሩንም ጽፎ ይመለሳል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ላኪው መላኩን ስላቆመ የሚመጣ ነገር የለም። ስለዚህ «የሚታደስ የለም» የምትለዋ መስመር ወር ከወር ስትደጋገም ያየ ባለሙያ ከመደሰት ይልቅ ቢጠራጠር ይሻለዋል።

ገብቷል ማለትም ሠርቷል ማለት አይደለም። ፕሮግራም የሚሠራው ሲነሣ ወደ ሚሞሪ በጫነው ቅጂ ነው። በዲስኩ ላይ ያለው በአዲስ ቢተካም፣ ቀደም ብሎ የተነሣው ፕሮግራም ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን ይዞ ይኖራል። በኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት ይህን ለብዙዎች አስተምሯል። ጉድለቱ የነበረው ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለውና በኢንተርኔት የሚተላለፈውን መልእክት ምስጢር በሚጠብቀው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ላይብረሪውን አድሰው የሚጠቀሙበትን ፕሮግራሞች ያላስነሡ ሰዎች፣ አዲስ መዝጊያ ገዝተው ግድግዳ እንዳስደገፉ ይቆጠራሉ። የከርነሉ ነገር ከዚህም ይጠነክራል፤ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ካልተነሣ አዲሱ ከርነል ሥራ አይጀምርም። ሳያጠፉ ከርነሉን የሚጠግኑበት ዘዴ አለ፤ ሁሉን ጉድለት ግን አይሸፍንም። ኡቡንቱ ማሻሻያውን ካስገባ በኋላ «ጠፍቼ መነሣት ያስፈልገኛል» የሚል ምልክት በአንዲት ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ በራሱ እንዲነሣ ግን ካልተፈቀደለት አይነሣም፤ ከመነሻውም አልተፈቀደለትም። «ሰርቨራችን 600 ቀን ሳይጠፋ ቆየ» እያሉ የሚኮሩ ባለሙያዎች ያጋጥሙናል። እኛ ይህን ስንሰማ የምናስበው በእነዚያ 600 ቀናት ውስጥ ወጥተው ሥራ ያልጀመሩትን የከርነል ማሻሻያዎች ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ እድሳትን የሚፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በኦገስት 30 ቀን 2022 በማይክሮሶፍት አዡር ላይ ኡቡንቱ 18.04 የሚሠራባቸው ብዙ ሰርቨሮች፣ ሲስተምዲ ለሚባለው መሠረታዊ ፕሮግራም የመጣ ማሻሻያ ገብቶባቸው የኢንተርኔት ስሞችን መለየት ተሳናቸው። ከዚህ የሚበልጠውና እኛ ደጋግመን ያነበብነው ግን በማርች 8 ቀን 2023 በዳታዶግ የደረሰው ነው። ዳታዶግ የሌሎችን ድርጅቶች ሰርቨሮች ጤንነት የሚከታተል ድርጅት ነው፤ ሐኪም ታመመ እንደማለት ነው። በግሪንዊች ሰዓት አቆጣጠር ከጥዋቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ያው ሲስተምዲ በአውቶማቲክ ታደሰ፤ ሲታደስም የኔትወርኩ ክፍል ጠፍቶ ተነሣ፤ ሲነሣም ሌላ ፕሮግራም ያበጃቸውን የኔትወርክ መንገዶች እንግዳ መስለውት ሰረዛቸው። ሰርቨሮቹ በሕይወት ሳሉ እርስ በርስ መነጋገር ተሳናቸው።

የሚያስገርመው፣ ድርጅቱ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲቆም ብሎ ሰርቨሮቹን በተለያዩ አገሮችና በተለያዩ አከራዮች ዘንድ ከፋፍሎ አስቀምጦ ነበር። በመካከላቸው ምንም ዓይነት ግንኙነት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሁሉም ያንኑ ደወል በዚያችው ሰዓት ይሰሙ ነበር። ቦታው ተለያየ፤ ሰዓቱ ግን አንድ ሆነ። አዲስ በተነሣ ሰርቨር ላይ ያ ችግር የማይታይ በመሆኑ አስቀድሞ በሙከራ አልተገኘም ነበር። አገልግሎቱን ሁሉ ወደ ቦታው ለመመለስ ከአንድ ቀን በላይ ፈጀ።

በጁላይ 19 ቀን 2024 በክራውድስትራይክ የሆነውን ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል፤ አንድ የተበላሸ ፋይል ተልኮ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ አውሮፕላኖችም ቀሩ። ፋይሉ የተመለሰው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ የወደቁትን ኮምፒዩተሮች ማንሣቱ ግን በየአንዳንዱ ዘንድ ሄዶ በእጅ የሚሠራ ሆነ። «እኛ አዲሱን እትም ቶሎ አንወስድም፤ በአንድ እርከን ወደ ኋላ እንቆያለን» ብለው የተጠነቀቁም አልዳኑም፤ ያ ፋይል የሚመጣው ጥንቃቄያቸው በማይደርስበት በሌላ በር ነበርና።

እንግዲህ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምቶ እድሳቱን ከነጭራሹ የሚዘጋ አለ። ይህን አንደግፍም። በሩን ዘግቶ ከኤኩዊፋክስ ዕጣ መድረስ ከዳታዶግ ዕጣ መሸሽ አይደለም፤ አንደኛው በአንድ ቀን ድካም ተመለሰ፤ የሁለተኛው መረጃ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የሚሻለው ደወሎቹን መለያየት ነው። አምስት ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት አምስቱን በአንድ ጥዋት ማደስ የለበትም። ብዙ ጉዳት የማያመጣው አንዱ ሰኞ ይታደስ፤ ቀን ሙሉ ይታይ፤ የቀሩት ማክሰኞና ረቡዕ ይከተሉት። ሰዓቱንም ቢሆን ወደ ድቅድቁ ሌሊት መግፋት ጥበብ አይመስለንም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የወደቀ ሰርቨር የሚታወቀው ጥዋት ባለጉዳይ ሲጮኽ ነው። ባለሙያው ነቅቶ፣ ሰልፉ ግን ሳይጀመር፣ ከጥዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ቢሆን እንመርጣለን። የዓርብ ማታ እድሳት ግን የቅዳሜን ዕረፍት ለማይወድ ሰው ብቻ የሚሆን ነው። አስቀድሞ የሚያዘው የመረጃ ቅጂም አንድ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረ መሆን አለበት፤ ያልተሞከረ ቅጂ መኖሩ የሚታወቀው በስም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል። እድሳቱ የሚመራበት የደንብ ፋይል የውጤቱ ዘገባ ለማን በኢሜይል እንደሚላክ የሚጻፍባት አንዲት መስመር አለችው። ይህችን መስመር በየመሥሪያ ቤቱ ብንከፍታት፣ በአንዱ ባዶ፣ በሌላው ደግሞ ሥራ ከለቀቀ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው አድራሻ እንደሚገኝባት አንጠራጠርም። በእርሷ ላይ የሚጻፈው የሰው ስም ሳይሆን የክፍሉ አድራሻ ቢሆን፣ ሠራተኛው ሲለወጥ ዘገባው አይጠፋም። ሰርቨሩ ኢሜይል መላኪያ ፕሮግራም እንዳለውም አንድ የሙከራ መልእክት ልኮ ማረጋገጥ ነው፤ ከሌለው አድራሻው ቢጻፍም ዘገባው ከቤት አይወጣም። ከአጠገቧ ያለችው መስመር ደግሞ፣ ዘገባው ይላክ ዘንድ የሚገባው ስሕተት ሲገኝ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ብላ ታስመርጣለች። ብዙ ሰው የኢሜይል ብዛት ስለሚሰለቸው «ስሕተት ሲገኝ ብቻ» የሚለውን ይመርጣል። እኛ ግን «ሁልጊዜ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ደወሉ ጨርሶ ባይደወል ስሕተት ብሎ የሚጽፍ ስለማይኖር፣ ዘገባው የቀረበት ጥዋት ምን እንደሆነ ሄዶ ለማየት የሚያነሣሣን መቅረቱ ብቻ ነውና።